ከጅማት ኦፕራሲዮን በኋላ የደረቀ የልጅ ጉልበት፦ ከማጠፉ በፊት መዘርጋቱን እዩ

ሰላም ወንድሜ፣ እህትህን እግዜር ይማራት። ጥያቄህ ረጅም ስለሆነ ሌሎችም እንዲከታተሉ አጠር አድርጌ ላስቀምጠውና ወደ መልሱ ልግባ። ፍኖተ ሰላም ነን ብለሃል፣ እህትህ 16 ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ስትጫወት ዘላ ስትወርድ ጉልበቷ ተጠምዞ ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ተበጠሰ፣ በተጎዳች በሁለተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ወስዳችሁ ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ የተተካላት ጅማት ከጉልበቷ ሎሚ ስር ካለው ጅማት የተወሰደ ነው፣ ሜኒስከሷም (በጉልበት አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ ሆኖ የሚያገለግለው) ተሰፍቷል። አሁን 7ኛ ሳምንቷን ይዛለች፣ ጉልበቷ ከ85 ዲግሪ በላይ አልታጠፍ ብሏል (ሙሉ የተዘረጋው 0 ተብሎ ይቆጠራል)፣ የመንገዱ ነገር ስላልተመቸ ቀጠሮዋ አልፏል፣ እናታችሁ ትረፍ ይላሉ፣ አጎታችሁ ወጌሻ ይይዛታል ይላሉ፣ አንተ ደግሞ "ልጅ አይደለች እንዴ፣ ቶሎ መዳን አልነበረባትም ወይ፣ ጥፋቱ የማን ነው" ብለህ ጠይቀሃል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ባህር ዳር ነው የምሰራው፣ እንደ እህትህ አይነት ጉልበት ብዙ ይመጣል። እና ጥያቄህ ውስጥ ያስደነገጠኝ አንተን ያስደነገጠህ ነገር አይደለም። አንተ የተጨነቅከው ስለ 85 ዲግሪው ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ እንደዘበት "ስትተኛ የጉልበቷ ጀርባ ፍራሹን አይነካም፣ እናቴም ጋቢ ጠቅልላ ከስሩ ታደርግላታለች" ያልካት አለች አይደል፣ ዋናው ነገር እሷ ናት። የማይዘረጋ ጉልበት ከማይታጠፍ ጉልበት ይብሳል። ጉልበቷ 120 ላይ ቢቀር ትሄዳለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ የሚያስቸግራት ቁጢጥ ማለትና ስግደት ነው። ሙሉ ለመዘርጋት 10 ዲግሪ የጎደለው ጉልበት ግን ያነክሳል፣ የታፋ ጡንቻ እረፍት አያገኝም፣ ሎሚው ሁሌ እንደተጨነቀ ይኖራል፣ ከዛ ሲቆይ ህመሙ ከመጀመሪያው ጉዳት ሊብስ ይችላል።

ስለማጠፉ መጀመሪያ ላረጋጋህ። ሜኒስከስ ሲሰፋ ብዙ ሐኪሞች ስፌቱ እንዳይፈታ ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት ከ90 ዲግሪ በላይ አትጠፍ ይላሉ። ስለዚህ እስከ 6ኛው ሳምንት 90 ላይ የተገደበች ልጅ 7ኛው ላይ 85 ብትሆን ትንሽ ዘገየች ይባላል እንጂ ጉልበቷ ደረቀ አይባልም። መዘርጋቱ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከደህነኛው እግር ጋር እኩል መሆን ነበረበት፣ ስፌቱም ብዙ ጊዜ እሱን አይከለክልም። እዚህ ላይ ነው የዘገያችሁት።

አሁን "ለምን እሷ" ላልከው። ከኦፕራሲዮን በኋላ በመገጣጠሚያው ውስጥ ጠባሳ ከልክ በላይ ሲሰራና ጉልበቱን ሲይዘው አርትሮፋይብሮሲስ ይባላል። በልጆችና በጎረምሶች ላይ የተሰራ በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከመቶ 8 በሚሆኑት ላይ አግኝቶታል፣ ማለትም ብርቅ ነገር አይደለም። ያ ጥናት ማን ላይ እንደሚበዛም አይቷል፤ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበዛል፣ ከ16 እስከ 18 ያሉት ላይ ከትንንሾቹ ይበዛል፣ ከሎሚ ስር ያለው ጅማት ተወስዶ የተሰራላቸው ላይ ይበዛል፣ ሜኒስከስ አብሮ የተሰፋላቸው ላይ ይበዛል። እህትህን ከዚህ ጋር ስታስተያያት አራቱም አሉባት። "ልጅ ስለሆነች ቶሎ ትድናለች" የሚለው የ9 ዓመት ልጅ ላይ ሊሰራ ይችላል፣ 16 ዓመት ላይ ግን ሰውነቷ የአዋቂ ነው ማለት ይቻላል። ይሄንን የምነግርህ እንድትፈራ ሳይሆን እናንተ ቤት ውስጥ አንዱ አንዱን መውቀስ እንዲቆም ነው፣ እነዚህን ከእናንተ ማንም ሊቀይራቸው አይችልም ነበር። ጅማቱ ከዛ ቦታ መወሰዱም ስህተት አይደለም፣ ለኳስ ተጫዋች ጠንካራ ነው ብለው ብዙ ሐኪሞች ይመርጡታል፣ ዋጋው ከፊት በኩል ህመምና ድርቀት ትንሽ ማብዛቱ ነው።

ከማይቀየሩት ወደሚቀየሩት ስንመጣ አንደኛው ጊዜው ነው። ጉልበት በተጎዳ ሰሞን ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይቆለፋል፣ በዛ ሁኔታ ላይ እያለ ሌላ ኦፕራሲዮን ሲጨመርበት ቁጣው በእጥፍ ይሆናል፣ ጠባሳውም እንደዛው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሐኪሞች ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቆ መስራት ድርቀቱን እንደሚቀንስ አይተዋል፣ በነገራችን ላይ እኔ ቀን መቁጠሩን ብቻ ብዙም አልወደውም፣ የሚቆጠረው ጉልበቱ ነው፦ እብጠቱ ጎደለ ወይ፣ ሙሉ ተዘረጋ ወይ፣ ታፋዋን ጨብጣ (ጡንቻውን አጠንክራ ማለቴ ነው፣ በእጅ አይደለም) እግሯን ቀጥ አድርጋ ማንሳት ቻለች ወይ። እነዚህ ከተሟሉ በሦስተኛውም ሳምንት ይሰራል፣ ካልተሟሉ በሁለተኛውም ወር ይቆይ። እህትህ እብጠቷ ሳይጎድል ነው የገባችው ብለሃል። ግን ሐኪሙ ላይ ቶሎ እንዳትፈርድ፣ የተቀደደው ሜኒስከስ ተገልብጦ መሃል ገብቶ ጉልበቱን ቆልፎት ከሆነ መጠበቅ አይቻልም፣ ሜኒስከሱ ራሱ ይበላሻል፣ ስለዚህ ቶሎ የገቡበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ተፅፎ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ያለእንቅስቃሴ መቆየት ነው። እውነቱን ለመናገር እኛ አገር ከሁሉም በላይ የማየው እሱን ነው። ዘመዱ ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣል፣ "አይዞሽ አትነሺ፣ እንዳትነኪው" ይላል፣ ልጅቷም ሲያማት ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ትተኛለች፣ ምክንያቱም ያበጠ ጉልበት 30 ዲግሪ አካባቢ ሲታጠፍ ነው ውስጡ ሰፋ ብሎ የሚያርፈው፣ እናት ደግሞ አዝነው ከስሩ ጋቢ ይጠቀልላሉ፣ ልጅቷም "እፎይ" ትላለች። በዛች እፎይታ ውስጥ ሳምንት ሲያልፍ የጉልበቱ ጀርባ ያጥራል፣ ቋንጃው ይኮማተራል፣ ፊት ለፊት ደግሞ ጠባሳው ባዶውን ቦታ ይሞላዋል። እናታችሁ ያደረጉት በፍቅር ነው፣ ማንም ስላልነገራቸው ነው፣ ቅር እንዳይላቸው አድርገህ ንገራቸው፦ ጋቢው ይቅር አላልኩም፣ ከጉልበቷ ስር ይውጣና ከተረከዟ ስር ይግባ።

ሦስተኛው ህመም ነው። "ማስታገሻ ኩላሊት ይጎዳል" ብሎ ለልጁ ሳይሰጡ ማቆየት አለ። ያልታከመ ህመም ታፋውን ያሰናክለዋል፣ ያበጠና የሚያም ጉልበት ያለው ሰው ጡንቻው እንኳን ሊጨብጥ ቢፈልግ አይታዘዝለትም፣ ታፋ ካልጨበጠ ደግሞ ጉልበት አይዘረጋም። ሐኪሙ ያዘዘላትን ማስታገሻ በታዘዘው ልክ ስፖርቱን ከመጀመሯ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ብትወስድ ኩላሊቷን ይጎዳል ብላችሁ አትስጉ፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ በሽታ ካለባት ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ፆሙ ነው ወይ ላልከው ደግሞ፣ ፆም ጉልበት አያደርቅም። ታፋዋ ግን ቀጥኗልና ሽሮውንም ምስሩንም ባቄላውንም በደንብ ትብላ፣ ከዛ ያለፈውን ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን መግባት፣ በጎን ያለው ጅማት አብሮ መጎዳት፣ ከዚህ በፊት ጉልበቱ ተሰርቶ መሆን፣ ኦፕራሲዮን ላይ ጅማቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ቦታውን ስቶ ወደፊት መምጣት፣ እነዚህም ያደርቃሉ። የመጨረሻው በስፖርት አይድንም፣ ታፋ ላይ ያለው ቀዳዳ ወደፊት ከመጣ መታጠፉን ይይዛል፣ ቅልጥም ላይ ያለው ወደፊት ከመጣ መዘርጋቱን ይይዛል፣ ኤክስሬይ ላይ ይታያል። ሌላ ደግሞ ጅማቱ ራሱ ሳይበጠስ የተያያዘበትን የቅልጥም አጥንት ጫፍ ገንጥሎ የሚነሳበት ጉዳት አለ፣ ከሳይክል የወደቁ ልጆች ላይ ይመጣል፣ እሱ ከተራው የጅማት ኦፕራሲዮን የባሰ ያደርቃል፣ በተለይ ከዛ በኋላ ረጅም ጊዜ በጄሶ ከታሰረ። ይሄን የምፅፈው ሌላ የሚያነብ ወላጅ ካለ ብዬ ነው፣ የእህትህ አይደለም።

አሁን ቤት ውስጥ ራስህ ለካ። እህትህ አልጋው ላይ በሆዷ ትተኛ፣ ሁለቱም ጉልበቶች ከአልጋው ጠርዝ አልፈው ቅልጥሞቿ አየር ላይ ይንጠልጠሉ፣ ታፋዎቿ አልጋው ላይ ይሁኑ። ጡንቻዋን ትፍታ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዛ ከኋላ ቁጭ ብለህ ሁለቱን ተረከዞች እይ። የታመመው ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ልዩነቱን በማስመሪያ ለካው፣ አንድ ሴንቲሜትር በግምት አንድ ዲግሪ ነው። በጀርባ አስተኝቶ ማየት ያታልላል፣ ልጆች ዳሌያቸውን አዙረው የተዘረጋ ያስመስሉታል። ቁጥሩን ከነቀኑ ፃፈው፣ በየሦስት ቀኑ ድገመው።

ከዛ ሎሚውን ያዝ። እግሯ ተዘርግቶ ታፋዋ ሲፈታ ሎሚው በሁለት ጣትህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወደ ላይ ወደ ታች መንሸራተት አለበት፣ መጀመሪያ ደህነኛው ላይ ሞክረው ስሜቱ እንዲገባህ። የታመመው ላይ እንደተጣበቀ ከሆነ፣ በተለይ ወደ ላይ አልሄድ ካለ፣ ከፊት በኩል ያለው ጠባሳ ጅማት ከተወሰደበት ቦታ ጀምሮ እየያዘው ነው ማለት ነው፣ ለሐኪሙ በስልክ ስትነግረው ይሄን አትርሳ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በቀን ሦስት አራቴ ለአምስት ደቂቃ እያንሸራተተች ትስራው፣ ራሷ ብትሰራው ይሻላል፣ ሌላ ሰው ሲነካት ትጨብጣለች።

መዘርጊያው እንዲህ ነው። ቁጭ ትበል ወይም በጀርባዋ ትተኛ፣ የተጠቀለለው ጋቢ ተረከዟ ስር ይሁን፣ ከጉልበቷ ስር ምንም አይኑር፣ 10 ደቂቃ ትቆይ፣ በቀን አምስት ስድስቴ። ማሳከክ፣ መወጠር፣ ትንሽ ማመም ያለ ነው። እላዩ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ጨው በፌስታል ከጉልበቱ በላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ሰው ግን አይጫነው። ከዛ እዛው ላይ ታፋዋን ጨብጣ ጉልበቷን ወደ ታች እየገፋች አምስት ሰከንድ ትያዝ፣ ትልቀቅ፣ ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ የዘረጋችውን ሳትመልስ የምታቆይላት እሱ ነው። ሌሊት ቀጥ ብሎ ይደር፣ ሐኪሙ ብሬስ (የጉልበት መደገፊያ) ከሰጣት ዘርግቶ የሚቆልፈውን አድርጋ ትተኛ። ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አትዋል፣ ከፍ ባለ ወንበር ሆና እግሯን ፊቷ ሌላ ወንበር ላይ ትዘርጋ። ክራንቿን ቶሎ አታስጥሏት፣ እያነከሱ ያለክራንች መሄድ ጀግንነት አይደለም፣ ጉልበቱን አጥፎ መሄድን ነው የሚያስተምረው። ሜኒስከሷ የተሰፋው ስሩ ላይ (ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ጫፍ ላይ) ከሆነ ደግሞ መርገጡ ራሱ የሚፈቀድበት ቀን አለው። ከስፖርቱ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ 15 ደቂቃ። ምሽት ላይ ጉልበቷ ከጠዋቱ የበለጠ ካበጠ አብዝታችኋልና በማግስቱ ቀንሱ፣ ያበጠን ጉልበት በግድ ማሰራት ጠባሳ መጨመር ነው።

ስለ ወጌሻ። አጎትህ እንዳይቀየሙኝ፣ እኔም ወጌሻ ያሸው ወለምታ ሲሻለው አይቻለሁ፣ ሰው ለዘመናት የኖረበት ሙያ ነው አልንቀውም። ግን ይሄ ጉልበት ውስጡ አዲስ የተተከለ ጅማትና የተሰፋ ሜኒስከስ አለ፣ የተተከለው ጅማት በነዚህ ወራት ውስጥ እንደውም ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይደክማል፣ ምክንያቱም ሰውነት የራሱን ሴልና የደም ስር እያስገባ ውስጡን እንደገና እየሰራው ነው። ሁለት ሰው ይዟት ሦስተኛው በኃይል ቢያጥፋት የሚሰማው "ቀጭ" ጠባሳው ሳይሆን ስፌቱ ሊሆን ይችላል። ደግሞ በዚህ እድሜ ከጉልበት በላይ የታፋ አጥንት የሚያድግበት ቦታ ገና ያልዘጋ ልጅ አለ፣ በኃይል ሲያጥፉት መገጣጠሚያው ሳይፈታ አጥንቱ ከዛ ይሰበራል። ሐኪም እንኳን በማደንዘዣ አስተኝቶ ሲያጥፍ ይሄን ፈርቶ ነው የሚጠነቀቀው፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብቶ ጠባሳውን ከቆረጠ በኋላ ነው በቀስታ የሚያጥፈው። አጎትህ ካልተዉት ከላይ ያለውን የዳነ ጠባሳ በቅቤ ለስለስ አድርገው ይሹት፣ ከዛ በላይ አይሂዱ።

ስፖርቱን በደንብ ሰርታ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሆዷ ስትተኛ የምትለካው ቁጥር ካልቀነሰ፣ ወይም ሊዘረጋ ሲል መጨረሻው ላይ ለስላሳ መወጠር ሳይሆን ድንገት ገጭ ብሎ ከቆመና ከፊት በኩል ከወጋት፣ ሳይክሎፕስ የሚባል የጠባሳ እብጠት ከአዲሱ ጅማት ፊት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ በር ስር እንደገባ ጠጠር ነው፣ በሩን ብትገፋው ብትገፋው አይዘጋም፣ ጠጠሩ ነው የሚነሳው። ኤምአርአይ ያሳየዋል፣ በካሜራ ገብተው ያወጡታል፣ በማግስቱ ስፖርት ይጀመራል፣ ከዛ ብዙዎቹ ይዘረጋሉ። ይሄ እንዳያመልጣችሁ ነው ሐኪሙን አሁን አግኙት የምለው፣ ጠባሳ 3 ወር ላይና ዓመት ላይ አንድ አይደለም፣ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ሎሚውንም ወደ ታች ስቦ ሊያስቀረው ይችላል። አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረስ ዛሬ ካልሆነ ከጎን ሆነህ የተረከዟን ፎቶና ስትሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ለሐኪሙ በቴሌግራም ላክለት፣ እስከዛ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወይም ባህር ዳር ፊዚዮ ያያት፣ ማንም ቢሆን በሳምንት አንዴ እጁን ያሳርፍባት።

ሳትጠብቁ በዛው ቀን ሆስፒታል የምትሄዱባቸውም አሉ፦ ትኩሳት፣ ቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል መያዝ፣ ጉልበቱ ድንገት ግሎ ህመሙ መባስ፣ ባቷ አብጦ መጠንከር፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት። እግሯ ቀለሙ ተቀይሮ ልብስ ሲነካት እንኳን የሚያቃጥላት ከሆነ ደግሞ እሱ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ስፖርቱን አቁማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ትምህርቷን አታስቀሯት፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጥና እግሯን መተላለፊያው በኩል ትዘርጋ፣ ለመምህሮቿ ንገሯቸው። መረብ ኳሱን አሁን አታንሱባት፣ ቢያንስ 9 ወር ሳይሞላ የሚታሰብ አይደለም። ሆስፒታሉ ስትወጡ የሰጣችሁ የኦፕራሲዮን ወረቀት ቤት ካለ ፎቶ አንስተህ ስሟን ሸፍነህ ላክልኝ፣ ሜኒስከሱ የቱ ጋር እንደተሰፋና ማጠፉ እስከ ስንት ሳምንት እንደተገደበ እዛ ላይ ይኖራል፣ 90ውን ማለፍ የምትጀምርበትን ቀን ከሱ አይቼ እነግርሃለሁ፣ እስከዛ ግን ማጠፉን ተዉትና መዘርጋቱ ላይ ስሩ።